ለገነት የሚሆን አረንጓዴ

አክስቴ ቁድሲያ ልትሞት መሆኑን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ የደረስኩበት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ተኩል ልጅ ነበርኩ። ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ጆሮና በራሴ ጭንቅላት ነው የደረስኩበት። ስለዚህ ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኮራ ብዬም ነበር።

ፑፒ ነበር የምላት። እኛ የሕንዷ ሃይደራባድ ሰዎች የአባታችንን እህት የምንጠራት እንደዚያ ነው። የአባቴ ታናሽ ስትሆን ያኔ አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። ባሏ የሞተባት እኔ ሳልወለድ ነው። የሐዘኑ ወራት እንዳለቁ አንዲት የቆርቆሮ ሳጥኗን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ከነጭ በቀር ለብሳ አታውቅም። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ሱሪ፣ ነጭ ሻርፕ። እጇ ላይ አምባር የለ፣ ጆሮዋ ላይ ጉትቻ የለ።

ልብሷ ይንጣ እንጂ ዓይኗ ቀለም ጠግቦ አያውቅም። በዘመድ አዝማድ ውስጥ ሴት ልጅ የምትድር እናት መጀመሪያ የምትመጣው እሷ ዘንድ ነው። «ቁድሲያ ሳታየው መቀስ አይነካውም» ይባል ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ከቀትር በኋላ እኔን አስከትላ ቻርሚናር ከሚባለው ባለአራት ማማ ሕንጻ ሥር ወዳለው ገበያ ትወርዳለች፤ የሌላ ሰው ደስታ ልትገዛ።

ያስተማረችኝን ብዘረዝር አያልቅም። ጨርቅ በሱቅ መብራት አይታይም፤ መብራት ውሸታም ነውና ደጅ አውጥተሽ ለፀሐይ አሳዪው። ጥልፍ ከፊቱ አይመዘንም፤ ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ፣ ገመናው ያለው እዚያ ነው። ሐር ከሆነ በጡጫሽ ጨምቂው፤ ስትለቂው ካኮረፈ ተይው። ከሁሉም በላይ፣ የወደድሽውን ዕቃ ቀጥ ብለሽ አትመልከቺ። «ልብሽ የወደቀበትን ሻጩ ካወቀ፣ ከዚያ ወዲያ የምትገዢው ዕቃውን ሳይሆን ልብሽን ነው» ትለኝ ነበር። ይኸው ሃምሳ ዓመት አልፎኝም ጨርቅ ይዤ ወደ በር ስራመድ፣ ልትሰርቅ ነው ብሎ የሚከተለኝ ባለሱቅ አይጠፋም።

የገበያችን መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ነው። የአምባር ሠሪዎቹን መደዳ አልፈን፣ ነጭ ጋዋን ወደለበሰ አንድ ሰው ዘንድ እንገባለን። ሚርዛ ዋሂድ ይባላል፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ጢሙ በግማሽ የሸበተ። ግድግዳው ላይ ከላይ ትልልቅ፣ ወደ ታች እያነሱ የሚሄዱ ፊደሎች ተሰቅለዋል። ፑፒን ወንበር ላይ ያስቀምጥና ዓይኗን ትክ ብሎ ያያል። እሱ ያያል፣ እሷም ታያለች፣ እኔ ብስኩት እበላለሁ። ጋዋኑንና ትካዜውን አይቼ ሐኪም መሆኑን ለአፍታም አልተጠራጠርኩም።

ሰውየው መነጽር ሠሪ ነበር። ፑፒ ደግሞ ያን ጊዜ እንደ ጭልፊት ነበር የምታየው።

አንድ ሐሙስ ታዲያ፣ ብስኩቴ ላይ እንዳቀረቀርኩ፣ ፑፒ ዝቅ ባለ ድምፅ «እስከ መቼ ነው?» ስትለው ሰማሁ።

«እኔ እስከ ረጀብ ወር ብዬ ነበር» አላት። «ከዚያ ማለፍ ያለበት አይመስለኝም። አሥራ አንድ ዓመት ችለዋል፤ ይበቃል።»

«ወንድሜስ?»

«መስማታቸው አይቀርም። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእርስዎ ቢሰሙት ይሻላል።»

ፑፒ የሻርፗን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሐኪሙ መሐረብ አቀበላት። የቀረውን ብስኩት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

የቀረውን ወጥ ቤት ውስጥ ሰማሁት። ፑፒና እናቴ ሩዝ እየለቀሙ ነበር፤ እኔ ከበሩ ጀርባ።

«ለመሆኑ ቤቱን አየሽው?» አለች እናቴ።

«በውጭ አልፌ አየሁት። አንዲት ክፍል ናት። ጠበብ ትላለች።»

«ላንቺ ምን አነሰሽ!»

«ትበቃኛለች። ደጇ ላይ የኒም ዛፍ አለ። ጎረቤቶቹም ድምፅ የላቸውም አሉ።»

«ሰላም ታገኛለሽ» ብላ እናቴ አፍንጫዋን ጠረገች። «እኔን ነው እንጂ ያለ አንቺ የሚጨንቀኝ።»

ጠባብ ክፍል፣ ዛፍ፣ ድምፅ የሌላቸው ጎረቤቶች። አያቴ የተቀበረችበትን ቦታ አውቀው ስለነበር ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ግራ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዋናው ጭንቅ ወንድም ጋሼ ናቸው» አለች ፑፒ። «እሳቸው ሳይፈቅዱ እንዴት እሄዳለሁ?»

ለመሞት የአባቴ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አላውቅም ነበር። ግን ብዙም አልገረመኝም። አባቴ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ በቤታችን ያለ እሱ ፈቃድ መስኮት እንኳ አይከፈትም።

እንግዲህ የኔ ድርሻ ምን ይሁን ብዬ አሰብኩ። ስሜ ታስኒም ነው። ቁርዓን የሚያስቀሩን ሼህ ታስኒም የገነት ምንጭ ስም መሆኑን ከነገሩኝ ጀምሮ፣ ስለዚያ አገር ነገር ራሴን እንደ ባለርስት እቆጥር ነበር። የገነት ሰዎች አረንጓዴ ሐር እንደሚለብሱም ነግረውናል። ፑፒ ደግሞ በነጭ ኖራ በነጭ ልትሄድ ነው። ይህ ደስ አላለኝም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከኪሻን ላል የጨርቅ ሱቅ ገባን። ኪሻን ላል ወፍራምና ተጫዋች ሰው ነው፤ ፍራሹ ላይ ተዘርፍጦ ነው የሚሸጠው።

«እህቴ፣ ዛሬ ደግሞ ለማን ነው?»

«ለአንዲት ዘመዴ» አለች ፑፒ።

«ዕድሜዋ?»

«አርባ ስድስት።»

«እንግዲያው ግራጫ አለኝ፣ ቡኒ አለኝ፣ አንድ አመድማ ደግሞ አለ…»

«አርባ ስድስት አልኩ እንጂ መቶ ስድስት ወጣኝ?»

ኪሻን ላል ሳቀና ጣቃዎቹን እየወረወረ ይዘረጋ ጀመር። ሐምራዊ፣ የሮማን ፍሬ መልክ፣ የሰማይ መልክ። ፑፒ ሁሉንም መለሰችበት። «ይሄ ይጮሃል።» «ይሄ ያለቅሳል።» «ይሄ ደግሞ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።» በመጨረሻ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ሮዝ ላይ እጇ ዘገየ። ይሄኔ ቀሚሷን ጎተትኩ።

«ፑፒ፣ አረንጓዴ ይሁን።»

«ለምን አረንጓዴ?»

«ለዚያ ቦታ የሚሆነው አረንጓዴ ነዋ።»

«ለየቱ ቦታ?»

«ለምትሄጂበት።»

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ቁጢጥ አለችና አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ ያወቅሁት። ለማንም አልናገርም።»

«አዝነሽብኛል ታዲያ?»

«ትንሽ። ግን ሁሉም ሰው አንድ ቀን ይሄድ የለ?»

«ሁሉም ሰው ሁለቴ አይሄድም የኔ እናት» አለችና እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባት። ሁለቴ ያለችው አልገባኝም፤ የሕመሟ ነገር ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

«ትፈሪያለሽ?»

«በጣም። ግን ደግሞ ደስ ይለኛል። እንዴት ያለ ነገር ነው?»

«አይዞሽ፣ በሩ ላይ የሚቀበልሽ አለ» አልኳት። መልአኩን ማለቴ ነበር።

«አለ» አለች ፑፒ፣ ዓይኗ ራቅ ብሎ ሄዶ። «እሱስ አለ።»

ቀና ስትል አንድ ነገር አየች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን አዞረች። እንዲያ ስታዞር የሚወደድ ነገር እንዳየች አውቅ ነበር። ሮዙን አንስታ በዋጋ ተከራከረች። ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ቀለሙ ይለቃል አለች። ተጣልታ ተነሳች፣ አንድ እግሯን ጫማዋ ውስጥ አስገባች። ከዚያ እንደ ዘበት አድርጋ፣

«ኧረ ያ ጀርባዎ ላይ ያለው ትራስ ነው ጨርቅ?» አለችው።

ኪሻን ላል ዞሮ የተደገፈውን ጣቃ አየ። «ይሄ? ይሄማ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልገዛ… ማለቴ፣ እጅግ ውድ ዕቃ ነው እህቴ! ለማንም አላወጣውም።»

«ሁለት ዓመት ተደግፈውት ላብዎን ጨምረው ነው የሚሸጡልኝ?»

ጣቃውን ነጥቃው ወደ በር ወጣች። ክረምቱ ገብቶ ስለነበር ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ፀሐይዋ ታጥባ ወጥታለች። ፑፒ ጨርቁን ተረተረችው። አረንጓዴ ነበር፤ ግን ስም ያለው አረንጓዴ አይደለም። ከዝናብ በኋላ ብቅ የሚል ለጋ የኒም ቅጠል ያህል ሆኖ፣ ዘንበል ሲያደርጉት ከሥሩ ወርቅማ ነገር ሽው ይልበታል። በጡጫዋ ጨመቀችው፤ ስትለቀው ምንም እንዳልተደረገ ሆኖ ፈሰሰ። ያስተማረችኝን ሁሉ ረስታ ቀጥ ብላ ታየዋለች። ከዚያ ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

በዕድሜዬ ከፊቷ አጠገብ ቀለም ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ከነጩ ሻርፕ ውስጥ የማላውቃት አንዲት ቆንጆ ሴት ብቅ አለች።

ኪሻን ላል ከሱቁ ውስጥ ያይ ነበር። ስንመለስ ፑፒ ዋጋ ሳትጠይቅ እሱ ራሱ ቀንሶ ነገራት። ስትከፍለውም ዓይኗን ላለማየት ጨርቁን በወረቀት እየጠቀለለ፣ «ዘመድዎ ደስ ይበላት» አላት። «ላብ ምናምን ያሉት ግን በደል ነው፤ እኔ አያልበኝም።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሐሙሶች የሕይወቴ ምርጥ ሐሙሶች ናቸው። ለጠርዙ የወርቅ ክር ፈለግን፤ አሥራ አራት ሱቅ ዞረን አሥራ አምስተኛው ላይ አገኘነው። ብልቃጧ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ የሞግራ አበባ ሽቶ ገዛን። ለጫማ ስንሄድ ተረከዝ ያለው ስትለካ፣ ሼሁ የነገሩን የገነት መሻገሪያ ድልድይ ትዝ ብሎኝ ተቃወምኩ።

«ጠፍጣፋ ይሁን። ድልድዩ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው።»

«የቱ ድልድይ? የሙሲ ወንዝ ድልድይ?» አለች ፑፒ። «በእግሬ መሰለሽ እንዴ? በሪክሾ ነው የምሻገረው።»

«በሪክሾ ይፈቀዳል?»

«ለምን አይፈቀድም?»

ይህ ለኔ ትልቅ ዜና ነበር። ቢሆንም ጠፍጣፋውን ገዛች።

ሁሉም ነገር በቆርቆሮ ሳጥኗ ውስጥ ይከተት ነበር። ጉዱ የፈላውም ከዚያው ነው። የቤቱን ጓዳ የምታስተዳድረው ፑፒ ስለነበረች የስኳርና የሩዝ ማውጫ ካርዳችን የሚቀመጠው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። አንድ ዓርብ አባቴ ከስግደት ተመልሶ ካርዱን ፈለገ፤ ፑፒ ጎረቤት ሄዳለች፤ ሳጥኑን ከፈተ።

ፑፒ ስትመለስ አባቴ ግቢው መሐል ቆሟል። አረንጓዴው ሐር እንደ ታጠበ ልብስ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው ወንድም ጋሼ።»

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ ሐሜት ነው ብዬ ነበር።» የአባቴ ድምፅ ሲቆጣ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። «በዚህ ዕድሜሽ! ወንድሟ ማኖር አቅቶት ነው እንዲሉኝ ነው? ምን አጎደልኩብሽ?»

«ምንም አላጎደሉብኝም።»

«ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?»

ያን ሁሉ ሻጭ በአንድ ቃል የምታስቀምጥ ሴት ጫማዋን ታይ ጀመር። እናቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ደርቃ ቀርታለች።

«ይሄ ዛሬውኑ ለባለሱቁ ይመለሳል» አለ አባቴ። «ያንቺ ቀለም ነጭ ነው።»

እኔ በአባቴ ፊት ሳልጠየቅ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን እግሬ ራሱ መሐላቸው አደረሰኝ።

«አባ! በነጭ አይጠቅልሏት!» ብዬ ጮህኩ። «ትሂድ፣ ይፍቀዱላት! ክፍሏ ጠባብ ናት ግን ደጇ ላይ ዛፍ አለ። በሩ ላይ የሚቀበላትም አለ፤ እሷም ብዙ አልፈራችም። አያቴም እዚያ አለች። እኛ ዓርብ ዓርብ እየሄድን ፋቲሃ እንቀራላታለን። ግን በአረንጓዴ ትሂድ፤ እዚያ በነጭ ከሄደች ማን ያውቃታል?»

እናቴ ሻርፗን አፏ ውስጥ ወተፈች፤ እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ሐሩን ሊያጥፈው ሞከረ። ጨርቅ አጥፎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ጠቅልሎ ጠቅልሎ ዳቦ አስመሰለው። ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠው፣ ካርዱን ረሳው፣ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ለፑፒ ሰጣት። ስትፈታው ብርቱካናማ አምባሮች ናቸው፤ በተለጠፉባቸው ትንንሽ መስተዋቶች ዙሪያ ቢጫና ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ልካቸው ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅ።

«ሻጩ ምርጡ ይሄ ነው አለኝ» አለ አባቴ ግድግዳውን እያየ።

ፑፒ አልገለበጠችም፣ ወደ በርም አልወሰደችም። ውሃና ሳሙና አስመጣችና ግማሽ ሰዓት ታግላ፣ ቆዳዋ ተልጦ፣ አንዱን አስገባችው። በሕይወቷ ካደረገችው ጌጥ ሁሉ አስቀያሚው እሱ ነው። እስከ ዛሬ ከእጇ አልወጣም። አይወጣማ።

የስንብቱ ቀን በረጀብ ሆነ። ሰርግ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ሰርግ ሙዚቀኛ አለው፣ ፈረስ አለው፣ ሙሽራዋም አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያን ቀን ግን ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ያወሩ ነበር። ፑፒን አጠቧት፣ ሽቶ ቀቧት። ቃዲው መጥቶ ወንዶቹ ባሉበት ክፍል ቁርዓን ቀራ። እናቴ አለቀሰች። ፑፒ አረንጓዴውን ለብሳ፣ ጠርዙ ወርቅ እየረጨ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያማረ ሰው አላየሁም። ተራዬ ሲደርስ አንገቷን አቅፌ መልእክቴን ሰጠኋት።

«ለአያቴ፣ የቻይና ሸክላውን ሳህን የሰበረው ድመቱ ሳይሆን እኔ ነኝ በያት።»

ፑፒ ግንባሬን ሳመችኝ። «ካገኘኋት እነግራታለሁ።» ከዚያ መጋረጃ ባለው ሪክሾ ሄደች። ቃሏን ጠበቀች፤ በሪክሾ።

ሦስት ቀን አለቀስኩ፣ እህልም አልቀምስ አልኩ። እናቴ «ልትጠይቀን ትመጣለች እኮ!» ስትለኝ በሐዘኔታ አየኋት፤ ምስኪን እናቴ፣ ማመን አቅቷታል ብዬ።

በአራተኛው ቀን ከቀትር በፊት የግቢው በር ተከፈተ። ፑፒ ገባች፤ የሰናፍጭ አበባ መልክ ያለው ቢጫ ሻርፕ ለብሳ። ከኋላዋ ያ ሐኪም ጣፋጭ በካርቶን ይዞ ይከተላል።

የጩኸቴን ነገር ጎረቤቶቻችን ለዓመታት አውርተውታል። አልጋ ሥር ገብቼ የማውቀውን የቁርዓን ሱራ ሁሉ አነበነብኩ። ፑፒ በሆዷ ተኝታ እጇን ወደ ውስጥ ላከች።

«አትንኪኝ!»

«ታስኒሜ፣ ምን ሆነሻል?»

ጣቷን ነካሁት። ይሞቃል።

«ከዚያ… እንዴት ተመለስሽ?»

«በሪክሾ» አለች ፑፒ።

ምን አስቤ እንደነበር ለእናቴና ለፑፒ የነገርኳቸው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም ራሴ ከተዳርኩ ወዲያ ነው። እስከዚያ ድረስ ለአክስቷ መብት አባቷን የተጋፈጠች፣ በምሳሌ የምትናገር ብልህ ልጅ አድርገው ያወሩኝ ነበር። ፑፒ ስትሰማ ከሳቋ የተነሳ መነጽሯ ወደቀ፤ ያኔ የእውነት መነጽር ያስፈልጋት ነበር፣ ሠሪው ደግሞ ከጎኗ ተቀምጧል። ለአባቴ ግን አልነገርኩትም። ያን ትልቅ ፈቃድ የሰጠው በአንዲት ሕፃን ስህተት መሆኑን ቢያውቅ ይሰማዋል ብዬ ነው።

ጡረታ ወጥቶ፣ አርጅቶ፣ አንድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ብቻችንን ተቀምጠን ሳለ አፌ አላስችል አለኝና ነገርኩት። አባቴ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጋዜጣ አልዘረጋም፣ አልሳቀም።

«አውቄዋለሁ» አለኝ።

«መቼ?»

«ፋቲሃ እንቀራላታለን ስትዪ። ፋቲሃ የሚቀራው ለሙት ነው እንጂ ለባለትዳር አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አላረሙኝም?»

«ምኑን ላርምሽ?» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት በክብር አኖርኳት ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። የገዛ ልጄ በየቀኑ ስታያት የምትሞት ሰው ካየች፣ የተሳሳተችው ልጄ አይደለችማ። የተሳሳተው ደማሪው አባቷ ነው።» ጋዜጣውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። «ለቁድሲያ ግን እንዳትነግሪያት። ወንድሜ ፈቀደልኝ ብላ ነው የምትኖረው። ተሸማቅቄ መሆኑን ባታውቅ ይሻላል።»

«እሺ አባ» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ነገርኳት።